የ12ኛ ክፍል ነጥብ ያልሞላለት ወንድሜ የግል ኮሌጅ ይግባ ወይስ ሙያ ይማር?

ጥያቄ፤ መምህርቷ ከአባይ ማዶ፣ ባሕር ዳር

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ምክራችሁን የምጠይቀው ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። ዕድሜው 19 ሲሆን በ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወስዶ የማለፊያ ነጥብ ሳያመጣ ቀርቷል፤ ነጥብ ትንሽ ለጎደላቸው ተማሪዎች ለሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ ለሬሚዲያልም አልደረሰም። በዚያ ዓመት በአገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 8.4 በመቶ ብቻ ስለሆኑ ልጁን በስንፍና አልወቅሰውም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር የመጀመሪያው ውጤት 3.3 በመቶ፣ የሚቀጥለው 3.2 በመቶ፣ የ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ነበር። እኔ ራሴ በማስተምርበት ሰፈር እነዚያ ሁሉ የቀሩት ልጆች በየደጃፉ ተቀምጠው ስለማያቸው፣ ጥያቄዬ የአንድ ቤት ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

አባታችን ዕድሜያቸውን ሙሉ በፈረቃ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ያጠራቀሙትን ገንዘብ ለግል ኮሌጅ ከፍለው ልጃቸውን በአካውንቲንግ ለማስመረቅ ቆርጠዋል። ለእርሳቸው ዲግሪ ማለት ልጃቸው እንደ እርሳቸው በሌሊት ተነሥቶ የማይሄድበት ሕይወት ነው፤ ይህን ምኞታቸውን ላቃልለው አልችልም። ወንድሜ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ልቡ ኤሌክትሪክ ላይ ነው። የጎረቤት ምጣድ ሲበላሽ ሬዚስታንሱን የሚቀይረው፣ ቆጣሪ ሲያስቸግር የሚጠራው እርሱ ነው። «የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ልግባ» ሲል አባታችን ዝም ይላሉ፤ በቤታችን የአባታችን ዝምታ ደግሞ ከቁጣ ይከብዳል።

እኔ ዲግሪ ይዤ ከተመረቅሁ በኋላ ሥራ ለማግኘት ሁለት ዓመት ጠብቄአለሁ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት የበኩር ጋዜጣን የሥራ ማስታወቂያ ገጽ ከሌላው ገጽ አስቀድሜ አነብ ነበር፤ የሥራ ልምድ «ከ0 ዓመት» የሚል ካየሁ ለአንድ ቦታ የሚሰለፈውን ሰው ብዛት አስቀድሜ አውቀው ነበር። ስለዚህ ዲግሪ ሲባል ብቻ ልቤ አይረካም። በሌላ በኩል ደግሞ ሙያ ተምረው የቀን ሥራ የሚፈልጉ ልጆችንም አያለሁ። ከልምዳችሁ ተነሥታችሁ ንገሩኝ፤ የአባታችን ገንዘብ የት ቢውል ይሻላል? ወንድሜ አሁን ሙያ ቢይዝስ በኋላ መማር ቢፈልግ በሩ ተዘግቶበት ይቀራል?

መልስ፤ ሞተር ጠቅላይ፣ ባሕር ዳር

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የኤሌክትሪክ ሞተር ጥቅለላ፣ ማለትም የተቃጠለውን ሽቦ አውጥቶ በአዲስ መጠምጠምና የቤት ውስጥ ዝርጋታ የምንሠራበት አነስተኛ ወርክሾፕ አለኝ። ከእኔ ጋር ስድስት ሰዎች ይሠራሉ፤ ሁለቱ ባለ ዲግሪ ናቸው፣ አንዱ ከ10ኛ ክፍል ያቋረጠ ነው፣ የቀሩት ከቴክኒክና ሙያ የመጡ ናቸው። ደመወዛቸውን በያዙት ወረቀት አልለየውም፤ አንድን ሞተር ፈትቶ፣ ጠምጥሞና ገጥሞ ለባለቤቱ እስኪያስረክብ ድረስ ከላዩ መቆም የማያስፈልገኝ ሰው የተሻለ ይከፈለዋል። ባለፈው ዓመት ሰው በፈለግሁ ጊዜ የመጡት አመልካቾች ብዙ ነበሩ። ነገር ግን የተቃጠለ ሞተር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ «ችግሩ የቱ ጋ ነው?» ስላቸው፣ የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ መልቲሜትሩን፣ በትክክለኛው ቦታ አዙረው የያዙት ጥቂቶች ናቸው። ያላወቁት ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም፤ በተማሩበት ጊዜ ያንን መሣሪያ በእጃቸው ያስያዛቸው ሰው ስላልነበረ ነው።

የባሕር ዳር ሥራ ወዴት እየሄደ እንደሆነ የማየውን ልንገርሽ። በየአቅጣጫው የሚጀመር ሕንፃ ግንበኛና ፌሮ ሠራተኛ ይፈልጋል፤ ሲያልቅ ደግሞ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ፣ የቧንቧ፣ የጂፕሰምና የአሉሚኒየም ባለሙያ ይፈልጋል። የግንባታ ሥራ ሲሚንቶ ሲወደድና መንገድ ሲዘጋ ወዲያው ይቆማል፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት ይህን በሚገባ አይተነዋል። የጥገና ሥራ ግን በክፉ ጊዜም አይቆምም፤ እንዲያውም ሰው አዲስ መግዛት ሲያቅተው አሮጌውን ያስጠግናል። ሌላው ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስለተከለከለ የኤሌክትሪክ መኪና በከተማችን እየበዛ ነው። በካንዴላና በካርቡራተር ያደጉት የጋራዥ ባለሙያዎቻችን ባትሪና የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ የሚለውጠውን ኢንቨርተር ሲያዩ ወደ እኔ ዓይነቱ ሰው ይመጣሉ፤ እኔም ብሆን ገና እየተማርሁ ነው። ኤሌክትሪክ የሚወድ የ19 ዓመት ልጅ ከዚህ የተሻለ ጊዜ ላይ ሊደርስ አይችልም ብዬ አምናለሁ።

መልስ፤ የሂሳብ ባለሙያ፣ ሽምብጥ፣ ባሕር ዳር

በመምህርቷ ጥያቄ ውስጥ የተጠቀሰው የትምህርት መስክ የእኔ ስለሆነ፣ ደስ የሚለውንም የማይለውንም ሳልሸሽግ ልጻፍ።

በመጀመሪያ ስለ ግል ኮሌጁ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ሳያልፍ አይመረቅም። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከተቀመጡት 150,184 ተማሪዎች ያለፉት 61,054 ነበሩ። ተለይቶ ሲታይ ደግሞ ከመንግሥት ተቋማት 77,981 ተፈትነው 48,632 ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት 72,203 ተፈትነው ያለፉት 12,422 ብቻ ናቸው። የግል ኮሌጅ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው እያልሁ አይደለም፤ በደንብ የሚያስተምሩ አሉ። አባታችሁ ግን የአራት ዓመት ክፍያ ከመጀመራቸው በፊት ያ ኮሌጅ በዚያ የትምህርት መስክ ስንት ተማሪ አስፈትኖ ስንቱን እንዳሳለፈ በአካል ሄደው ይጠይቁ። ጥያቄውን በቀጥታ የማይመልስ ኮሌጅ ከሆነ ገንዘባቸውን ይዘው ይመለሱ።

እኔ ከተመረቅሁ በኋላ 14 ወራት ፈልጌአለሁ። የማስረጃ ፎቶ ኮፒ፣ ለጽሑፍ ፈተና ወደ አዲስ አበባ የምሄድበት ትራንስፖርት፣ ባንክ ሲቀጥር የሚጠይቀው ተያዥ፣ እነዚህ ሁሉ ወጪና እንግልት መሆናቸውን ተማሪ ሳለሁ ማንም አልነገረኝም። በመጨረሻ ሥራ ያገኘሁት በማስታወቂያ አልነበረም። ደረጃ «ሀ» ማለትም በከፍተኛው ምድብ ያሉ ግብር ከፋዮች የሂሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ እንዳለባቸው ስለማውቅ፣ በገበያው አካባቢ ካሉ ነጋዴዎች አንዱን የአንድ ወር ሂሳብ በነፃ ልሥራልህ ብዬ ጠየቅሁት። የአንዱን አይቶ ሌላው ጠራኝ። ዛሬ የበርካታ ድርጅቶችን መዝገብ እይዛለሁ።

አሁን ግን ሞተር ጠቅላዩ ወንድማችን ባነሣው አሳብ ላይ የምጨምረው አለኝ፤ እኔን ያሳሰበኝም ይኸው ነው። እርስዎ ሠራተኞችዎን በችሎታቸው እንደሚከፍሉ አምናለሁ፤ ሁሉም አሠሪ ግን እንደ እርስዎ አይደለም። የአጎቴ ልጅ ጎበዝ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። አንድ ሥራ ተቋራጭ ዘንድ ያለ ጽሑፍ ውል ሲሠራ ከመሰላል ወድቆ እግሩ ተሰበረ፤ ለሕክምናው ያወጣው ቤተሰብ ነው፣ ቦታውንም በማግሥቱ ሌላ ሰው ያዘው። የጡረታ መዋጮ አልተከፈለለትም ነበር። መንግሥት መሥሪያ ቤት የገባ ባለ ዲግሪ ደመወዙ ቢያንስም፣ እርሱ ሰባት በመቶ ሲያዋጣ መሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ይጨምርለታል። በግል ድርጅት ተቀጥሮ የሚሠራም ሰው ይኸው መብት በሕግ አለው፤ ለዚህ ግን በስሙ መመዝገብ አለበት። ለግል ዘርፍ የተደነገገ የደመወዝ ወለል በሌለበት አገር፣ ውል የሌለው ባለሙያ የሚከፈለው አሠሪው የፈቀደውን ያህል ብቻ ነው። አባታችሁ ዲግሪ የሚመኙት ለክብር ብቻ አይመስለኝም፤ ልጃቸው በሽምግልናው ጡረታ እንዲኖረው ይፈልጋሉ። ይህ ፍላጎታቸው ትክክል ነው፤ ሙያ ለሚማረው ልጅም ሊሟላለት ይገባል።

ከዚህም ሌላ ያለ ዲግሪ ጭራሽ የማይገባባቸው ሥራዎች አሉ። ሕክምና፣ ሕግና ምሕንድስና ፈቃድ የሚሰጠው ለተመረቀ ሰው ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤትም የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ መነሻ ደመወዝ ከ2018 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ እንዲል ተወስኗል። ስለዚህ «ዲግሪ ዋጋ የለውም» የሚለው በየካፌው የሚነገር አባባል ትክክል አይደለም። ትክክል የሚሆነው «ተማሪው የማይወደው፣ ኮሌጁ በቅጡ የማያስተምረው ዲግሪ ዋጋ የለውም» ቢባል ነው።

መልስ፤ ከወረታ

እኔ ሁለቱንም ጎን አይቻለሁ፤ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ብጽፍ ይቅርታ አድርጉልኝ።

በመካኒካል ምሕንድስና ተመርቄ፣ ከባሕር ዳር ወደ 60 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ባለችው ወረታ ከተማ የውሃ ፓምፕና የሩዝ መፈልፈያ ማሽን እጠግናለሁ። ወረታ ያለችበት ፎገራ የሩዝ አገር መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ክረምት ሲወጣ ገበሬው «ኤክስ ጅግና» የሚባለውን ሩዝ ያነሣል፣ በጋውን ደግሞ ውሃ እየሳበ ሽንኩርት ያለማል። ፓምፑ በሽንኩርቱ ወቅት አንድ ሳምንት ከቆመ ማሳው ይደርቃል። ስለዚህ እዚህ ጠጋኝ የሚፈለገው ዛሬ እንጂ ነገ አይደለም።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት አስቤበት አልነበረም። ከተመረቅሁ በኋላ ከዓመት በላይ ሥራ አጥቼ ወደ ቤተሰቦቼ ተመለስሁ። በሰፈራችን 8ኛ ክፍል የደረሱ አንድ አንጋፋ መካኒክ ነበሩ፤ አባቴ ለመኗቸው ረዳት ሆንሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ኩሽኔታ ሳወጣ ዘንጉን ጎዳሁት። ስለ ኩሽኔታ የጭነት ስሌት ፈተና ተፈትኜ ጥሩ ውጤት ያመጣሁ ሰው ነበርሁ፤ ኩሽኔታ የሚወጣበትን መሣሪያ ግን በእጄ ይዤው አላውቅም። እኚያ ሰው አልተቆጡኝም፤ አጠገባቸው አስቀምጠው ሁለተኛውን ራሳቸው አወጡ፣ ሦስተኛውን እኔ አወጣሁ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከእርሳቸው የተማርሁትን ለሌላ ሰው አንድ በአንድ ዘርዝሬ ልነግር አልችልም፤ እጄ ነው የሚያውቀው።

ዲግሪዬ ከንቱ ቀረ ማለት ግን አይደለም። አንድ ጊዜ አንድ ባለ ወፍጮ የናፍጣ ሞተሩን በኤሌክትሪክ ሞተር ከቀየረ በኋላ ሩዙ እየተሰባበረ አስቸገረው። ደንበኞቹ ወደ ሌላ ወፍጮ መሄድ ጀምረው ነበር። መካኒኮች ቺንጋውን ቀየሩለት፣ ወንፊቱን ቀየሩለት፣ ለውጥ አልመጣም። እኔ የሞተሩን ሰሌዳ ሳነብ በደቂቃ 1,440 ጊዜ የሚዞር ሆኖ አገኘሁት፤ ወፍጮው ግን የተሠራው ለ800 ነው። የናፍጣው ሞተር ዝግ ብሎ ይዞር ስለነበረ የቀድሞው ፑሊ፣ ማለትም ቺንጋው የሚዞርበት ክብ ብረት፣ ይበቃው ነበር፤ አዲሱ ግን ወፍጮውን ከልክ በላይ ያስሮጠዋል። የወፍጮው ፑሊ ስፋት ከሞተሩ ፑሊ 1.8 እጥፍ እንዲሆን አስቀርፀን ገጠምን፤ ሩዙም ሙሉ ሆኖ መውጣት ጀመረ። ያ ስሌት ከክፍል ያገኘሁት ነው። መምህሬ የሆኑት መካኒክ ከዚያ ቀን በኋላ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማቸው «ልጄ፣ እስቲ ቁጥሩን ሥራልኝ» ይሉኛል።

መምህርት ሆይ፣ ወንድምሽ በመጀመሪያ እጁን ቢያሠለጥን እመርጣለሁ። በእጁ የሚያውቀውን ነገር በኋላ በመጽሐፍ ሲያገኘው ይገባዋል፤ እኔ ግን በመጽሐፍ ያነበብሁትን በእጄ ለማግኘት ብዙ ዘመን ፈጅቶብኛል። ስለ መነሻ ገንዘብም አንድ ነገር ልበል። በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲመደብ በማኅበር ተደራጅተን ወስደን የተበተን አለን። የተበተንነው በገንዘብ ማነስ አልነበረም፤ ከአምስታችን ሥራውን የሚያውቅ ማንም ስላልነበረ ነው። አባታችሁ ያላቸውን ገንዘብ በአንድ ጊዜ አያውጡት፤ ልጁ ሥራውን ከለመደ በኋላ ለመሣሪያ ይሆናል።

መልስ፤ የቴክኒክና ሙያ አሠልጣኝ

የተነሡትን አሳቦች በአክብሮት አንብቤአለሁ። የእኔ ድርሻ በሩ ይዘጋ እንደሆነ ለተጠየቀው መልስ መስጠት ነው።

አይዘጋም። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በደረጃ የተከፈለ ነው፤ ሠልጣኙ አንዱን ደረጃ ጨርሶ የሙያ ብቃት ምዘናውን ማለትም በተለምዶ ሲኦሲ የምንለውን ሲያልፍ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። በመሃል ወጥቶ ሠርቶ መመለስም ይችላል። በሙያው እስከ መጀመሪያና ሁለተኛ ዲግሪ የሚያስተምር ተቋምም በአዲስ አበባ አለ፤ የኢፌዴሪ ቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኢንስቲትዩት ይባላል። እዚህ ላይ ሁልጊዜ የምናገረውን ልድገመው፤ በከተማችን ፖሊ ብለን የምንጠራው የዩኒቨርሲቲ ግቢ በ1955 ዓ.ም. ሲከፈት የቴክኒሻኖች ማሠልጠኛ ነበር። የግብርና መካኒክ፣ ኤሌክትሪክ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ብረታ ብረት፣ እንጨት ሥራና የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ ይማሩበት ነበር። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው በ1992 ዓ.ም. ይህ ተቋምና የመምህራን ኮሌጁ ተዋህደው ነው። በእጅ ሥራ ላይ ቆሞ ወደ ላይ መሄድ በዚህች ከተማ አዲስ ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ የእኛንም ድክመት መደበቅ አልፈልግም። ሥልጠናው 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ አሳብ መሆን እንዳለበት የተደነገገ ቢሆንም፣ ዕቃ ባነሰበት ወርክሾፕ 20 ሠልጣኞች አንድ ሞተር ከበው ይቆማሉ፤ አንዱ ይፈታል፣ 19 ያያሉ። መፍትሔው የትብብር ሥልጠናው ነው፤ ሠልጣኙ ከኮሌጁ ወጥቶ በድርጅት ውስጥ የሚለማመድበት ጊዜ ማለቴ ነው። ብዙ ሠልጣኝ ይህን ጊዜ የሚያሳልፈው ማኅተም ለማስመታት ነው፤ አንዳንድ ድርጅትም ሻይ ያስልከዋል። ሞተር ጠቅላዩ ወንድማችን ጠረጴዛ ላይ ያዩት ክፍተት የሚፈጠረው እዚህ ነው። መምህርቷ ኮሌጅ ስትመርጪ ሁለት ነገር ጠይቂ፤ ያለፈው ዓመት ሠልጣኞች ለትብብር ሥልጠና የት እንደተላኩ፣ ከእነርሱም ስንቶቹ እዚያው እንደተቀጠሩ። የአካውንቲንግ ባለሙያዋ እህታችን ስለ ውል የጻፈችው ደግሞ እኔም ለሠልጣኞቼ በየዓመቱ የምነግራቸው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ ከዚያ በኋላ «ገና እያየሁህ ነው» እያለ ያለ ውል የሚያሠራ ሰው ካለ ሕግ እየጣሰ ነው።

ከጠያቂዋ፤ መምህርቷ ከአባይ ማዶ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ መልሶቻችሁን ለአባታችን ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። ስለ ጡረታው መዋጮ የተጻፈው ላይ ስደርስ አስቆሙኝና እንደገና አስነበቡኝ። ስለ መውጫ ፈተናው ቁጥርም ወረቀት አምጥተው በእጃቸው ጻፉት። በመጨረሻ «እንግዲያው ኮሌጁን እኔው ሄጄ እጠይቃለሁ፤ ልጁ ግን ዝም ብሎ አይቀመጥ» አሉ። ይህ ለቤታችን ትልቅ ለውጥ ነው።

ወንድሜ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለው። የቴክኒክና ሙያ ምዝገባው እስኪደርስ ባሉት ወራት ሥራ ለማየት ያህል እርስዎ ዘንድ፣ ሞተር ጠቅላዩ ጋሼ፣ ያለ ክፍያም ቢሆን መምጣት ይችል እንደሆነ ይጠይቃል።

መልስ፤ ሞተር ጠቅላይ፣ ባሕር ዳር

ይምጣ። ያለ ክፍያ ግን አላሠራውም፤ የምሳና የትራንስፖርቱን እችላለሁ፣ ሥራ መያዝ ሲጀምር ደግሞ እህታችን እንዳለችው በጽሑፍ እንዋዋላለን። አባታችሁም አብረው ቢመጡና ቦታውን ቢያዩት ደስ ይለኛል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተቃጠለ ሽቦ ከሞተር ውስጥ ማውጣትና መቁጠር ነው የሚሠራው፤ አሰልቺ ነው፣ ነገር ግን የስንት ዙር ሽቦ እንደነበረ ያልቆጠረ ሰው መልሶ መጠቅለል አይችልም። ቱታና የተሸፈነ ጫማ ያስፈልገዋል። ደብተርም ይያዝ።